ፀጉራሙ እንግዳ በሶዶ

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ የአስተዳደሩ መቀመጫ ሆነች። ከዚያ ወዲህ በከተማችን ሲጨምሩ ያየኋቸው ነገሮች የቤት ኪራይ፣ መስታወታቸው የጠቆረ መኪኖችና ፀጉራም ውሾች ናቸው። ስለ ኪራዩ ተከራይ ሁሉ ሲያማርር ይውላል። ስለ መኪኖቹ የባጃጅ ሾፌሮች የሚሉት አለ፤ እዚህ አይጻፍም እንጂ። ውሾቹ ግን ጠበቃ የላቸውም። ቢጮኹም “ጎበዝ! ሌባ አይቶ ነው” ይባላሉ። ስለዚህ ስለ እነሱ ትንሽ ላውራ።

ፀጉራም ስል ያንን በየአጥሩ ሥር ተጠቅልሎ የሚተኛውን፣ ሠርግ ቤት ሳይጠሩት ገብቶ አጥንት ይዞ የሚወጣውን የአገሩን ውሻ ማለቴ አይደለም። እሱ ፀጉሩም አጭር፣ ጥያቄውም አጭር ነው። የምለው ከአዲስ አበባ በካርቶን ተጭኖ፣ በመኪና ሲያስመልሰው መጥቶ፣ ሶዶ መናኸሪያ ሲደርስ ሕዝብ የሚከበውን ነው። ጀርመን ሸፐርድ አለ። ዓይኑ ሰማያዊ የሆነ ሀስኪ አለ። “ይሄኛውስ ምንድነው?” ሲባል ባለቤቱም በቅጡ የማያውቀው፣ “ድቅል ነው፤ ብቻ የውጭ ነው” የሚባል፣ ድብ የሚያክልም አለ።

እንዲህ ያለ ውሻ የገዛ ሰው በመጀመሪያ የሚጠየቀው “ስንት ገባ?” ተብሎ ነው። እሱም ይህን ሲጠብቅ ስለነበረ አንገቱን እየነቀነቀ “ተወኝ ወንድሜ! የጊፋታ ሰንጋ የሚገዛ ብር ነው” ይላል። ወላይታ ውስጥ ይህ እንደ ዋዛ የሚወረወር ንግግር አይደለም። ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ወንዶቹ ተቧድነው ዓመቱን ሙሉ ቆጥበው ነው ሰንጋ የሚጥሉት፤ ሴቶቹ ደግሞ ለቅቤው ይቆጥባሉ። የውሻ ዋጋ በሰንጋ ሲተመን ሰሚው ራሱን ይዞ “ኧረ!” ይላል። ቀጥሎ “ይናከሳል?” ይመጣል። ከዚያ “እስቲ ከእሱ ጋር ፎቶ ልነሳ።” “ይህ ሁሉ ፀጉር ለምን ወጣለት? አገሩስ ወዴት ነው?” ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

አገሩን ልንገራችሁ። ሀስኪን ያረቡት በሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ የሚኖሩት ቹክቺዎች ናቸው፤ በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ እንዲጎትትላቸው ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ አላስካ ተሻገረ። ዝናው የናኘው ደግሞ በጥር 1917 ዓ.ም. ነው። ኖም በተባለች የአላስካ ከተማ የሕፃናትን ጉሮሮ የሚዘጋው ዲፍቴሪያ ገባ። መድኃኒቱን በአውሮፕላን ማድረስ አልሆን አለ። ሃያ የሚሆኑ ነጂዎች ወደ 150 በሚጠጉ ውሾች እየተቀባበሉ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ ከስድስት ቀን ባነሰ ጊዜ ጨርሰው አደረሱት። ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይደርስ ነበር። ከመሪዎቹ ውሾች አንዱ ለነበረው ለባልቶ ዓመት ሳይሞላ ኒው ዮርክ ውስጥ ሐውልት ቆመለት።

እንግዲህ ይህ ዘር ስሙን የተከለው በወርኃ ጥር ነው። እኛም ጥር አለን። የእኛ ጥር ግን ሠርግ፣ አቧራና ፀሐይ ነው። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ “የ13 ወር ፀሐይ” ብለው አገራችንን ያስተዋወቁት ለቱሪስት ነበር። ቱሪስት ሲሞቀው ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ይሰቅላል። ሀስኪ የት ይሰቅላል?

ለነገሩ የራሳችን ፀጉራም የውሻ ዘመድ አለን፤ ቀይ ቀበሮ። በባሌና በሰሜን ተራሮች ከ3,000 ሜትር በላይ ነው የሚኖረው። በዓለም ላይ የቀረው 500 ቢሆን ነው። ሌሊት ሲበርደው አፍንጫውን ጅራቱ ሥር ሸጉጦ ይተኛል። እስካሁን ከተራራው አውርዶ ግቢው ውስጥ ያሰረው ባለሀብት የለም፤ ሐሳብ እንዳልሰጥ ብዬ ይህን አንቀጽ ልተወው ነበር።

ሞኝነቱ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። “ጌም ኦፍ ትሮንስ” የተባለው ተከታታይ ፊልም ላይ ተኩላ የሚመስሉ ግዙፍ እንስሳት ስለሚታዩ አሜሪካኑም እንግሊዙም ሀስኪ ለመግዛት ተሻማ። ቡችላው አድጎ ቤቱን መቦጫጨቅ ሲጀምር ደግሞ እያወጣ ጣለው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከፊልሙ ዋና ተዋንያን አንዱ ፒተር ዲንክሌጅ ራሱ ወጥቶ ሰዎች ፊልሙን አይተው ሀስኪ እንዳይገዙ ተማጸነ። ፈረንጁ በፊልም ተታሎ ገዛ፤ እኛ ደግሞ ፈረንጁን አይተን ገዛን። የእኛ ጥፋት ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ የተላለፈ በመሆኑ ዋጋው ትንሽ ተጨምሮበታል።

ለሶዶ ግን ፍርድ አላጓድልባትም። ሶዶ በረሃ አይደለችም። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የዳሞታ ተራራ እግር ሥር ነው የተቀመጠችው። በየካቲት እንኳ ቀትሩ ቢያቃጥልም ማታው ጋቢ ያስደርባል። ጀርመን ሸፐርድ በወጉ ቢያዝ ሶዶ ላይ ተደስቶ ይኖራል፤ ሀስኪም ቢሆን ይችለዋል። ውሻው የሚቃጠለው በአየሩ ሳይሆን በባለቤቱ ነው። ይህን ሳልመሰክር ባልፍ ደግሞ የሠራሁት ትዝብት ሳይሆን ሐሜት ይሆንብኛል።

ከቤቱ እንጀምር። አዲሱ ቪላ ሲሠራ ግቢው ውስጥ አቮካዶ፣ ማንጎና እንሰት ነበሩ። “ቅጠሉ ያቆሽሻል” ተብለው ተቆረጡ። በእንሰቱ ቦታ ሴራሚክ ተነጠፈ፤ የቀረው ቦታ ሲሚንቶ ሆነ። ከዚያ ውሻው መጣ። ውሻው ቤት ያስፈልገዋል፤ ከጣሪያው የተረፈ ቆርቆሮ ደግሞ አለ። ብየዳ ቤት ተወስዶ በላሜራና በቆርቆሮ ተሠራለት። ሰማያዊ ቀለም ተቀባ። በሩ ላይ “ተጠንቀቅ ውሻ አለ” ተብሎ ተጻፈ። መስኮት? ውሻ መስኮት ምን ያደርግለታል! ሰንሰለቱ ሁለት ሜትር ነው። ሰንሰለቱ ከታሰረበት ቦታ እስከ አጥሩ ጥላ ድረስ ያለው ርቀት ሦስት ሜትር ይሆናል። አናጺውም በያጁም ባለቤቱም ስለ ማዕዘን ብዙ ያውቃሉ፤ ይህቺን አንዲት ሜትር ግን ማንም አላሰባት።

በየካቲት ስምንት ሰዓት ላይ እዚያ ቆርቆሮ ላይ እጃችሁን አሳርፉ። አታቆዩትም። ውሻው ውስጥ ቢገባ ይጋገራል፤ ውጪ ቢወጣ ሲሚንቶው ይጠብሰዋል። የአገሩ ውሻ ሲሞቀው አፈር ምሶ እርጥቡ መሬት ላይ ሆዱን ይለጥፋል። የእኛ ባለሰማያዊ ዓይን ሴራሚክ ቢቧጭር የሚያገኘው ስድብ ነው። ውሃው በላስቲክ ሳህን ተቀምጦለት ነበር፤ ሰንሰለቱ ጎትቶ ደፋው። “ይሄ ውሻ ለምን እንዲህ ያለከልካል?” ይላል ባለቤቱ፣ በረንዳው ጥላ ሥር ተቀምጦ ቡናውን እየጠጣ። “ውፍረት ይሆን?” ትላለች ሚስቱ። ምግቡ ተቀነሰበት።

ቀን ለምን ይታሰራል ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ዝግጁ ነው፤ “ሌባ!” ማታ ለምን ይታሰራል ብትሉም ያው ነው። ይህን መልስ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ፀጉር ቤት እንግባ። የውሻ ጉዳይ በአገራችን መካሪ ስለሌለው ሁሉም መካሪውን ከስልኩ ነው የሚያገኘው። ስልኩ ላይ አንዲት ፈረንጅ ወይዘሮ ትመጣለች። “ወሩ ሐምሌ ነው፤ ሙቀቱ በርትቷል፤ ለፀጉራም ውሾቻችሁ ጥንቃቄ አድርጉ” ትላለች። ልክ ናት፤ በእሷ አገር ሐምሌ ሐሩር ነው። ሶዶ ላይ ግን ሐምሌ ማለት ከዳሞታ የሚወርድ ጉም፣ ሦስት ቀን የማያቋርጥ ዝናብና ከእሳት ዳር የማይነሳ ሰው ነው። የባለሰማያዊ ዓይኑ ባለቤት ጎረቤቴ ቪዲዮውን አየ፤ መስኮቱን ግን አላየም። ውሻውን በባጃጅ ጭኖ ፀጉር ቤት ወሰደው።

ፀጉር አስተካካዩ መጀመሪያ እምቢ አለ። “ጋሼ፣ ይሄ ቶንዶስ የሰው ነው፤ ደንበኛ ካየ ይጠፋብኛል” አለ። በኋላ የቀረበለት ክፍያ ደንበኞቹን አስረሳው። በር ተዘግቶ፣ ሁለት ሰው ይዞ፣ አንዱ አፉን በሻሽ አስሮ፣ ያ ሁሉ ፀጉር ወለሉ ላይ ወረደ። ጭንቅላቱ ላይ ብቻ ጎፈሬ ቢጤ ተተወለት፤ “አንበሳ ይመስላል” ተባለ። ውሻው ከፀጉር ቤቱ ሲወጣ የሰፈር ልጆች በሳቅ ፈረሱ። እንስሳ አያፍርም ይባላል፤ ያንን ውሻ ያየ ሰው ግን እንደገና ሊያስብበት ይገባል።

ማታ ዝናቡ ወረደ። ውሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ባለቤቱም ደግ ሰው ነውና አላስችል አለው። በማግሥቱ ገበያ ወጥቶ ለውሻው የሕፃን ልጅ ሹራብ ገዛለት። ቀይ፣ ደረቱ ላይ ጥንቸል ያለበት። እግዚአብሔር በነፃ የሰጠውን በብር አስላጭቶ፣ በብር ደግሞ ሹራብ ያለበሰ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። “የሰው ወርቅ አያደምቅ” የሚባለው ተረት ለሹራብም ይሠራል።

ነገሩ ግን ከሳቅ ያለፈ ነው። ፀጉሩ የተወቀሰው ሳይመረመር ነው። የወላይታን የሳር ጎጆ የምታውቁ ሰዎች ቀትር ላይ ስትገቡበት ቀዝቀዝ እንደሚል፣ ሌሊት ደግሞ የምድጃውን ሙቀት ይዞ እንደሚያድር ታውቃላችሁ። ሳሩ ራሱ አይሞቅም፤ አይቀዘቅዝምም። በመካከሉ አየር ይዞ የውጪውን ከውጪ፣ የውስጡን ከውስጥ ያስቀራል። የእነዚህም ውሾች ፀጉር አሠራሩ እንዲሁ ነው። ሁለት ድርብ ነው፤ ከላይ ረዘም ብሎ ጠንከር ያለው ዝናቡንና ፀሐዩን ይመልሳል፤ ከሥሩ ጥጥ የመሰለው ለብርድ ነው። ሙቀት ሲመጣ የሥረኛው በራሱ ጊዜ ይረግፋል። ያኔ በማበጠሪያ አበጥሮ የረገፈውን ማውጣት ነው የባለቤቱ ሥራ፤ በመካከሉ አየር ያልፋል። የላይኛውን ከሥሩ መላጨት ግን ክዳኑን አንስቶ “አሁን ቤቱ ይቀዘቅዛል” እንደማለት ነው።

ደግሞ የተላጨው መልሶ እንደነበረው ይበቅላል ያለው ማነው? በእንዲህ ዓይነት ውሾች ላይ ለወራት ሳይበቅል የሚቆይበት፣ ሲበቅልም ቦታ ቦታ እየዘለለ የሚወጣበት ጊዜ አለ። የጎረቤቴ ውሻ ገና ጀርባው ሳይሸፈን የካቲት ደረሰበት። ሶዶ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ወደ ሰሜን ሰባት ዲግሪ አይሞላትም። በዚህ የተነሳ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ፣ ቀትር ላይ ቀጥ ብላ ከአናታችን በላይ ትቆማለች። የሰው ጥላ እግሩ ሥር ይጠፋል። ነሐሴ ላይ ደመና ይሸፍነናል፤ መጋቢት ላይ ግን የበልጉ ዝናብ ከዘገየ ምንም የሚከልል የለም። ከፍታው ተጨምሮበት ያ ፀሐይ ለተላጨ ሮዝ ቆዳ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ የእንስሳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ራሱን ተላጭቶ ቀትር ላይ ለቅሶ የቆመን ሰው መጠየቅ ይበቃል።

ከዚህ ቀጥሎ የእሑዱ ሰልፍ አለ። ፀጉራም ውሻ ሰው ካላየው ምን ያደርጋል? ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አየሩ ነፋሻ ነው፤ መሬቱም ቀዝቅዞ ያደረ ነው፤ ለውሻ ምቹ ነው። ችግሩ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ያለው ወተት ሻጭና ቅዳሴ ሂያጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሻው የሚወጣው ሰው ከየአምልኮ ቦታው በሚወጣበት፣ ኮብልስቶኑ በጋለበት ሰዓት ነው። ባለቤቱ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርጓል። ውሻው አላደረገም። አንዱን እግሩን ያነሳል፤ ሌላውን ያነሳል። “አየህ አካሄዱን? ይጨፍራል እኮ!” ይላል አድናቂው። የእጁን ጀርባ ድንጋዩ ላይ ጥቂት ቢያሳርፍ ጭፈራው ለምን እንደሆነ ይገባው ነበር።

ከሰልፉ በኋላ ቁርጥ ቤት ነው። የወላይታ ቁርጥ ይጠብቃል፤ ማንም አይወቅስም፤ እኔም ከሚቆርጡት መሐል ነኝ። ውሻው ግን ሥጋ ቤት አይገባም፤ መኪና ውስጥ ይቀራል። መስታወቱ በሁለት ጣት ስፋት ይከፈትለታል፤ “አየር እንዲገባ” ተብሎ። በፀሐይ የቆመ የተዘጋ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከውጪው ከሃያ ዲግሪ በላይ እንደሚበልጥ በልኬት የታወቀ ነው፤ አብዛኛውም የሚጨምረው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። የሁለት ጣቷ ክፍተት ለባለቤቱ ሕሊና እንጂ ለውሻው አትጠቅምም። ግማሽ ሰዓት ደግሞ ቁርጥ ቤት ውስጥ ምንድነው? ሥጋው ተመርጦ፣ ተመዝኖ፣ ቢላው ተስሎ እስኪቀርብ ያለው ነው።

ጠረጴዛው ላይ ሰውዬው ሥጋውን ዳጣ ውስጥ ነክሮ ይጎርሳል። ዳጣው ያቃጥላል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ይላል፤ በሶፍት ይጠርጋል፤ “ውይ ሙቀት!” ይላል። እሱ ላብ አለው፤ ላቡ ሲደርቅ ይቀዘቅዛል። ውሻ ላብ የሚያወጣው ከመዳፉ ሥር ብቻ ነው፤ እሷም ኢምንት ናት። ያለው መላ ምላሱን አውጥቶ ማለክለክ ነው፤ በደቂቃ እስከ 300 ጊዜ ይተነፍሳል። በምላሱና በአፍንጫው ውስጥ ያለው እርጥበት ሲተን ደሙ ይቀዘቅዛል። በተዘጋ መኪና ውስጥ ግን አየሩ በራሱ ትንፋሽ ረጥቦ ስለሚሞላ ምንም አይተንለትም። ጤነኛ ውሻ ሙቀቱ 38 ወይም 39 ዲግሪ ነው። 41 ካለፈ ነገር ተበላሸ። “አንድ ኪሎ ጨምርልን!” ይላል ሰውዬው ከውስጥ።

በዚህ ሁሉ መሐል የአገሩን ውሻ ታዘቡት። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከቆመ አይሱዙ ሥር ነው። ስድስት ሰዓት ላይ አይሱዙው ሲሄድበት ወደ እንሰቱ ይሻገራል፤ የእንሰት ቅጠል ሰፊ ነው፤ ሥሩም እርጥብ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም፤ ከመንገዱ ሥር ባለው የውሃ ቱቦ ውስጥ ገብቷል። አሥር ሰዓት ላይ ብቅ ይላል፤ ቦዩ ውስጥ ቆሞ ሆዱን ያርሳል። ጀርባውን አያርስም። ማንም አላስተማረውም፤ ስልክም የለውም። ከቆርቆሮው ቤት በር ላይ ቆሞ የታሰረውን ሲያየው ምን እንደሚያስብ ባውቅ ይህን ጽሑፍ ለእሱ በተውኩለት።

ጎረቤቴ በመጨረሻ ውሻውን ሐኪም ዘንድ ወሰደው። ሶዶ በዚህ አትታማም፤ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲያችን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው፤ ከተማው ውስጥም የእንስሳት ሐኪሞች አሉ። አብዛኛው ሥራቸው ከብት ነው። ከጎረቤቴ ፊት ሁለት ጥጃ፣ አንድ በቅሎና አንዲት የምታስነጥስ ፍየል ተሰልፈው ነበር። በቅሎዋ ሹራቡን ስታይ ደነበረች።

“ዶክተር፣ ያለከልካል” አለ ጎረቤቴ።

“የት ነው የሚውለው?”

“ቤት አለው። ዘመናዊ ነው።”

“ጣሪያው ምንድነው?”

“ቆርቆሮ።”

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ውሻውን ነካካ፤ ድዱን አየ፤ ሹራቡን አወለቀ። ከዚያ ተናገረ። ከእንግዲህ መላጨት የለም፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በማበጠሪያ ይበጠር። ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ጥላ ውስጥ ይዋል፤ የዛፍ ጥላ ከሆነ እሰየው። ውሃ በሁለት ቦታ ይቀመጥለት፤ የማይገለበጥ፣ ከበድ ያለ ዕቃ ይሁን። ሲሞቀው ጀርባው ላይ ውሃ አትድፉ፤ ከላይ ይቀራል እንጂ ቆዳው ጋ አይደርስም። ሆዱን፣ ብሽሽቱንና መዳፉን አርሱለት። ድዱ ደም ከመሰለ፣ ለሃጩ ከወፈረ፣ ከተንገዳገደ ወይም ካስታወከ ግን አትጠብቁ፤ ወደ እኔ ከመሮጣችሁ በፊት ያገኛችሁትን ቀዝቃዛ ውሃ አርከፍክፉበት፤ እያራገባችሁ ይዛችሁት ኑ። “በባጃጅ ኑ” አለ ሐኪሙ፤ “ከመኪናህ ይልቅ ነፋስ አለው።”

ጎረቤቴ ተጨማሪ ጠበቀ። ምንም አልመጣም።

“መርፌ አይወጋም?”

“ለሙቀት መርፌ የለውም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዷል?”

“እሱ እንኳ… የውጭ ዘር ነው እኮ ዶክተር።”

ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ ያለፈውን ልገልጸው አልችልም። የእብድ ውሻ በሽታ ፓስፖርት አይጠይቅም፤ አንዴ ምልክቱ ከታየ ሰውም ሆነ ውሻ አይተርፍም። ክትባቱ ተወጋ። ጎረቤቴም መርፌ በማየቱ ልቡ ረካ፤ “ጥሩ ሐኪም ነው” እያለ ተመለሰ። ስለ ጥላው የተነገረውን ግን መንገድ ላይ ረሳው። ጥላ በነፃ የሚገኝ ነገር ስለሆነ መድኃኒት አልመሰለውም።

ያስታወሰው አንድ ነገር “ነፋስ” የሚለውን ነው። ቬንትሌተር ተገዛ። በማራዘሚያ ገመድ ተስቦ ቆርቆሮው ቤት በር ላይ ተተከለ። የጋለ ቆርቆሮ ውስጥ ያለውን የጋለ አየር እያሽከረከረ መልሶ ለውሻው ይሰጠዋል። በዚያ ላይ መብራት ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ማራገብ የዘበኛው ተራ ሆነ፤ ካርቶን ተሰጠው።

ዘበኛው ከኪንዶ በኩል የመጡ አዛውንት ናቸው። ሌሊቱን ወፍራም ካፖርታቸውን ለብሰው ያድራሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ አውልቀው አጥሩ ላይ ይሰቅሉታል። ለእሳቸው ማረፊያ ቬንትሌተር ቀርቶ ወንበሩም አንድ እግሩ የለውም፤ በድንጋይ ተደግፎ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ሁለት ቀን በካርቶን አራገቡ። በሦስተኛው ቀን ከበሩ ውጪ፣ ከጎረቤት አጥር ወደ መንገዱ ዘንበል ባለው ትልቅ ዋንዛ ሥር ተቀምጠው አየኋቸው። ሀስኪው እግራቸው ሥር፣ በማሰው አፈር ውስጥ ሆዱን አጣብቆ ተዘርግቷል። አንድ የአገር ውሻም አብሮ ተኝቷል። አጠገባቸው ውሃ የሞላበት አሮጌ የብረት ድስት አለ፤ ለሦስቱም ይመስላል።

ጎረቤቴ መኪናውን አቁሞ ወረደ።

“ሰንሰለቱን ማን ፈታው?”

“እኔ ነኝ ጌታዬ።”

“በቀን? አባባ፣ ሌባ ቢመጣስ?”

አዛውንቱ ቀና ብለው ፀሐዩን አዩ፤ ከዚያ ቆርቆሮውን፣ ከዚያ ጌታቸውን አዩ።

“በዚህ ሰዓት? ኧረ ጌታዬ፤ ሌባ እኮ ሞኝ አይደለም።”